የክላፋም ሜዳ፦ የግል ዕቃ፣ የጋራ ሀብት፣ የሕዝብ ዕቃ

በደቡብ ለንደን የሚገኘው የክላፋም ሜዳ 89 ሄክታር ይሰፋል፤ በጥንቱ የኢትዮጵያ ልኬት ከሁለት ጋሻ በላይ መሆኑ ነው። ማንም ሳይከፍል ይገባበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል፣ በዛፎቹ ጥላ ያርፍበታል። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ዳቦ ለማግኘት ግን መክፈል ግድ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ልዩነቱን በሁለት ጥያቄ ይለዩታል፦ ያልከፈለን መከልከል ይቻላል ወይ? የአንዱ መጠቀም የሌላውን ድርሻ ይቀንሳል ወይ?

ዳቦ ሁለቱንም ያሟላል። ባለሱቁ ያልከፈለን ይመልሳል፣ አንዱ የበላውንም ሌላው አይበላውም። ይህ የግል ዕቃ ነው። የመንገድ መብራት ተቃራኒው ነው፤ ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ያበራል፣ መንገደኛ ስለበዛም ብርሃኑ አይቀንስም። ይህ የሕዝብ ዕቃ ይባላል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 በሂሳብ ቀመር ያብራራው ይህንኑ ነው። ችግሩ የሚመጣው በወጪው ላይ ነው፤ ሁሉም «ሌላው ይከፍላል» ብሎ እጁን ከሰበሰበ መብራቱ አይተከልም። ገበያ የማይሞላውን ይህን ክፍተት ግብር ይሞላዋል።

በሁለቱ መካከል የጋራ ሀብት አለ። ለምሳሌ ሰውን ከግጦሽ መሬት ማገድ ይከብዳል፣ ሣሩ ግን ያልቃል። የክላፋም ሜዳም ጥንት የከብት ግጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1716 የአጎራባቿ ባተርሲ ሰዎች የክላፋም ከብት እንዳይገባባቸው ቦይ ቆፈሩ፤ ክላፋሞች ደፈኑት። ባተርሲዎች ቢከሱም አልረቱም።

የሥነ ምህዳር ምሁሩ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 እንዲህ ያለው ሀብት ጥፋት እንደሚጠብቀው ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው ሊጠብቁት እንደሚችሉ አሳየች። በኢትዮጵያ የመንዝ ጓሳ የሣር መሬት ለዚህ ምስክር ነው። ቄሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይታገዳል፣ ጊዜው ሲደርስ ባለመብቶቹ በአንድነት ያጭዳሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲዳከም ጓሳውም ተጎድቷል፤ ቆይቶ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሟል።

ክላፋም የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 የለንደን የሥራዎች ቦርድ የባለርስቶቹን መብት በ18,000 ፓውንድ ገዝቶ ሜዳውን ለሕዝብ መዝናኛ አዋለው። ዛሬ የሚያስተዳድረው የላምቤዝ ምክር ቤት ነው።

ይሁንና ሜዳው ሁልጊዜ የሕዝብ ዕቃ ሆኖ አይቆይም። ለሙዚቃ ድግስ ከፊሉ ታጥሮ ትኬት ሲሸጥ ያልከፈለ ይከለከላል፤ በውስጡ ያሉት ግን እስካልተጨናነቁ ድረስ አይሻሙም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጄምስ ቡካናን እ.ኤ.አ. በ1965 የማኅበር ዕቃ ብሎ የተነተነው ይህን ዓይነቱን ነው። በሞቃት ቅዳሜ ደግሞ ያለ አጥርም ቢሆን ሰው ሲበዛ ሣሩ ይረገጣል፣ የአንዱ መዝናናት ሌላውን ያጣብባል። ስለዚህ የአንድ ነገር ዓይነት ከተፈጥሮው ብቻ አይመነጭም፤ ሕግ፣ አጥርና የተጠቃሚው ብዛትም ይወስኑታል።