በጥቂት ገንዘብ ሮማን አይቶ ስለ መመለስ

ከወልድያ፥ ከመርሳና ከሀብሩ ገበያዎች ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ነጋዴ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሸቀጥ ነው። ዱባይና የቻይና ከተሞች በነጋዴው አፍ የለመዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሥራ ጥቂት ዐርፎ የዓለምን ታሪክ በዓይን ለማየትና አእምሮን ለማስፋት ወደ አውሮጳ መሄድ ግን የባለጸጎች ነገር ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ይህ አስተሳሰብ ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ግን ካለማወቅ የመጣ ነው።

እውነት የሚሆነው፥ ሳያሰላ ለሚሄድ ሰው ነው። ወልድያ ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጦርነት ተይዛ በነበረችበት ጊዜ የሱቁን ዕቃ አጥቶ እንደ ገና ከባዶ የተነሣ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በብዙ ድካም ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ሳምንት ሽርሽር ቢያጠፋው ጉዳቱ በሱቁና በቤተ ሰቡ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን በንግድ ትርፉ የሚታወቀው ዕቃው ሲገዛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የጉዞም ወጪ አብዛኛው የሚወሰነው ተጓዡ ገና በአገሩ ሳለ ነው። ይህን ለማስረዳት የሮማን ከተማ ምሳሌ አድርጎ መውሰድ ይቻላል። (ከዚህ በታች ስለ ሮማ ታሪክ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ሮማ የምትመረጥበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ስለሚበርር መንገዱ ሰባት ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ሁለተኛ፥ በከተማዪቱ ካሉት ስመ ጥር ነገሮች ብዙዎቹ ያለ ክፍያ የሚታዩ ከመሆናቸውም በላይ፥ ከእነርሱ መካከል የኢትዮጵያን ታሪክ የሚነኩ ይገኛሉ።

መጀመሪያ የሚታሰበው ወቅቱ ነው። የሮማ ሆቴሎች ዋጋ እንደ እህል ዋጋ ወቅትን ይከተላል። በፋሲካቸው ሰሞን፥ በበጋቸው ወራትና በእኛ መስከረምና ጥቅምት እንግዳ ስለሚበዛ ዋጋው ይንራል። ከእኛ ገና በዓል ጀምሮ እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ ግን እንግዳው ይቀንሳል፤ ያው አልጋና ያው ክፍል በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ከተማዪቱ ብርዳም ናት፤ ሆኖም የደላንታን ደጋ ለሚያውቅ የወሎ ሰው ብርዱ እንግዳ አይሆንበትም። ወፍራም ካፖርትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ከአገር ይዞ መሄድ እዚያ ደርሶ ከመግዛት ያድናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቪዛ ነው። ኢጣልያ ከሼንገን አገሮች አንዷ ናት፤ የአጭር ጊዜ ቪዛዋም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን ለማይበልጥ ጉብኝት ነው። የማመልከቻው ዋጋ ከ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወዲህ ለአንድ አዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሲሆን፥ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ 15 ቀን ሲቀረው ያልቀረበ ግን ዘግይቷል። መልሱ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች እስከ 45 ቀን ሊቈይ ይችላል። ከዚህም ጋር ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል።

አመልካቹ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሚያስረዳለት ሥራው ነው። ስለዚህ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፥ የግብር ደረሰኝና የብዙ ወራት የባንክ ሒሳብ መግለጫ አስተካክሎ ማቅረብ ይገባዋል። በየዕለቱ የሸጠበትን ገንዘብ በባንክ የማያንቀሳቅስ ነጋዴ ሀብት ቢኖረውም ማስረጃ አይኖረውም። «ቪዛ አወጣልሃለሁ» እያለ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ግን በኤምባሲ ውሳኔ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ሐሰተኛ ወረቀት ቢያስገባም የሚጎዳው ባለፓስፖርቱ ነው።

የጣት አሻራ ለመስጠት አመልካቹ ራሱ አዲስ አበባ መቅረብ አለበት። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፥ ይህን ቀጠሮ ከመርካቶ የዕቃ ግዢ ጋር ማገናኘት አንድ የመንገድ ወጪ ያድናል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሣት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ግን ቪዛው በእጅ ሳይገባ መግዛት አይገባም፤ ለማመልከቻው የቦታ ማስያዣ ወረቀት ይበቃል።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዩሮ ዋጋ እንደ ቀድሞው በአንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ የጉዞውን ሒሳብ በዩሮ ጽፎ፥ ብሩን ባንክ በሚሸጥበት ዕለት ማስላት ይሻላል። ባንኩ ለተጓዥ ምንዛሪ የሚሸጠው ፓስፖርት፥ ቪዛና ቲኬት ሲቀርብለት ነው። ሮማ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚገኙ መንዛሪዎች ዋጋቸው ለተጓዡ የማይጠቅም በመሆኑ፥ አስቀድሞ ዩሮ ይዞ መሄድ ይበጃል።

ማደሪያን በሚመለከት፥ በትልቁ የባቡር ጣቢያ በቴርሚኒ ዙሪያ መጠነኛ ሆቴሎች በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህም ሌላ የካቶሊክ ገዳማት ለእንግዳ የሚያከራዩአቸው ቤቶች አሉ፤ ንጹሖችና ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኛዎቹ ማታ በራቸውን በተወሰነ ሰዓት ስለሚዘጉ ያን ጠይቆ መግባት ነው። ከአልጋው ዋጋ በላይ እንደ ቤቱ ደረጃ ለአንድ ሰው በየሌሊቱ እስከ 10 ዩሮ የሚደርስ የከተማ ግብር መኖሩን መዘንጋት አይገባም፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚከፈለው እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ነው።

በከተማው ውስጥ ወጪን የሚያበዛው ታክሲ ነው። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መሀል ከተማ ታክሲ 50 ዩሮና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። ፈጣኑ ባቡር እስከ ቴርሚኒ ድረስ በ32 ደቂቃ በ14 ዩሮ ያደርሳል፤ በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ደግሞ እንደ ትራስቴቬሬና ቲቡርቲና ወዳሉ ጣቢያዎች በ8 ዩሮ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም የሚከፈልበት ቲኬት ለ100 ደቂቃ በአውቶቡስና አንድ ጊዜም በምድር ውስጥ ባቡር ያስኬዳል። ተሳፋሪው ቲኬቱን ሲሳፈር በመሣሪያው ማስመታት አለበት፤ ያላስመታ ሰው ተቈጣጣሪ ቢያገኘው መቀጫው ከ50 ዩሮ ይበልጣል።

ስለ ምግብም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በሮማ ቡና ቤቶች ቆሞ የሚጠጣ ቡና ተቀምጦ ከሚጠጣው በጣም ይረክሳል። ውሃ መግዛት አያስፈልግም፤ ሕዝቡ በቅርጻቸው ምክንያት «ትልቅ አፍንጫ» የሚላቸው ከ2,000 የሚበልጡ የመንገድ ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያፈስሳሉ፤ ባዶ ጠርሙስ መያዝ ብቻ ይበቃል። ጿሚ የሆነ ሰው «ማሪናራ» የሚባለውን ፒዛ ቢያዝ ቲማቲም፥ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ለሙስሊሙም ተጓዥ በ1995 ተመርቆ የተከፈተ ታላቅ መስጊድ በከተማዪቱ አለ። እንጀራ የናፈቀው በቴርሚኒ አካባቢ ከሚገኙት የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ሊበላ ይችላል። ወደ ግሸንም ሆነ ወደ ላሊበላ የሚወጣ ምእመን በሶና ዳቦ ቆሎ እንደሚሰንቅ ሁሉ፥ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቅ ስንቅ መያዝ ነውር የለበትም።

የሚታየውን ነገር በተመለከተ፥ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ ያለው የሚካኤል አንጄሎ የእመቤታችን ሐውልት ያለ ክፍያ ይታያሉ። ኮሎሴዮ የሚባለው ጥንታዊ የትግል አደባባይ 18 ዩሮ፥ ፓንቴዮን 5 ዩሮ ያስከፍላሉ። የመንግሥት ሙዚየሞችና ፍርስራሾች፥ ኮሎሴዮም ጭምር፥ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፥ የቫቲካን ሙዚየም ደግሞ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ እስከ ቀትር በነጻ ይከፈታሉ። እነዚህ ሁለት እሑዶች ሁልጊዜ ተከታታይ ስለሆኑ፥ አንድ ሳምንት ለመቈየት የቈረጠ ሰው ሁለቱንም ሊያገኛቸው ይችላል። ይሁን እንጂ 18 ዩሮ ለማትረፍ ብሎ ሁለት ሌሊት ማደሪያ መጨመር ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው፤ ሰልፉም ረጅም ነው።

ለኢትዮጵያዊ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ገንዘብ የማይጠየቅበት ነው። ተጓዡ ከቴርሚኒ ጣቢያ ወጥቶ የሚቆምበት አደባባይ «የአምስት መቶዎች አደባባይ» ይባላል፤ ስሙ የተሰጠው በ1887 ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ገጥመው ለወደቁት ኢጣልያውያን መታሰቢያ ነው። የሟቾቹም ሐውልት ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። በፖርታ ካፔና፥ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ባለበት አጠገብ፥ በ1937 ከአክሱም ተወስዶ የተተከለው ሐውልት የቆመበት ስፍራ አለ። ኢጣልያ በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልስ ግዴታ ብትገባም፥ ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በአክሱምም በ2008 ቆሞ ተመረቀ።

ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ በስተ ኋላ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ይህ ስፍራ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኰሳት ማረፊያ ሆኖ የተሰጠ ነው። በ1513 በሮማ የታተመውና በግእዝ ቋንቋ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ የሆነው መዝሙረ ዳዊትም ሊዘጋጅ የቻለው አሳታሚው በከተማዪቱ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ግእዝ ስለተማረ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባበትም። ነገር ግን እነዚያ መነኰሳት በበረሃና በባሕር ተጕዘው፥ ገንዘብ ሳይኖራቸው እዚያ መድረሳቸውን ያስታወሰ ሰው ከተማዪቱን የሚያያት በሌላ ዓይን ነው።

ጥንቃቄም አለ። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቍጥር አውቶቡስ ኪስ አውላቂ ስለሚበዛ፥ ፓስፖርትና ገንዘብ ከልብስ ውስጥ ይያዛል። በኮሎሴዮ አጠገብ «ስጦታ ነው» ብሎ በክንድ ላይ አምባር የሚያስር ሰው ቢመጣ እጅን መሰብሰብ ነው፤ ካሰረ በኋላ ዋጋውን ይጠይቃልና።

አሁን ሒሳቡን መዝጋት ይቻላል። ለአምስት ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያ በ8 ዩሮው ባቡር መሄጃና መመለሻ 16 ዩሮ፤ በቀን ሁለት የአውቶቡስ ቲኬት 15 ዩሮ፤ ኮሎሴዮ 18 ዩሮ፤ ፓንቴዮን 5 ዩሮ፤ ድምሩ 54 ዩሮ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከአውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ ሄዶ በታክሲ ለመመለስ ከሚወጣው በግምት ግማሽ ነው። እንግዲህ ከተማዪቱን ማየት ራሱ ውድ አይደለም፤ ውዱ ቲኬቱ፥ አልጋውና ምንዛሪው ነው፤ እነዚህም ሦስቱ የሚታረሙት በወቅቱና በዝግጅቱ ብቻ ነው። ዋጋ ስለሚለዋወጥ በየጊዜው ማጣራት እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው።

ስለሆነም ለጉዞ የሚያስብ የወልድያ ወይም የመርሳ ነጋዴ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሒሳብ በባንክ ቢከፍት፥ ከሱቁ መነሻ ገንዘብ ምንም ሳይነካ በየወሩ ጥቂት ቢያስቀምጥና በዓመቱ መጨረሻ የደረሰበትን አይቶ ቢወስን መልካም ይሆናል። ገንዘቡ ባይሞላ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ይሻላል፤ ሮማ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየች ከተማ ናትና አንድ ዓመት ብትጠብቅ አትጠፋም፤ የተዘጋ ሱቅን እንደ ገና መክፈት ግን ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የአገሩ ነጋዴ ያውቀዋል።