ጥርስ በማብቀል ላይ ያለ ሕፃን ሕመምና የወላጅ የጥፋተኝነት ስሜት

መግቢያ

ጥርስ ማብቀል በሽታ ሳይሆን የሕፃን ዕድገት አንዱ ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ አብራ ያነጋች እናት ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ የምትጠይቀው ስለ ድድ ብቻ አይደለም፤ በቃል ባትገልጸውም «ምን አጉድዬበት ይሆን?» የሚል ጥያቄም ይዛ ትመጣለች። ይህ የጥፋተኝነት ስሜት መልስ ሳያገኝ ሲቀር ወላጅ አንድ ነገር ለማድረግ ብቻ ሲል ጎጂ ወደሆነ መፍትሔ እንዲሄድ ሊገፋፋው ይችላል። በመሆኑም የሕፃኑን ሕመም ማስታገስና የወላጁን ጭንቀት ማቅለል ተነጣጥለው መታየት የለባቸውም።

ጥርስ ማብቀል የሚያስከትለውና የማያስከትለው

የመጀመሪያዎቹ የወተት ጥርሶች፣ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች፣ በ6 ወር ዕድሜ ገደማ ብቅ ይላሉ። ከ4 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መታየታቸው የተለመደ ሲሆን፣ ሃያዎቹም ሕፃኑ 3 ዓመት እስኪሆነው ይሟላሉ። በዚህ ወቅት የድድ መቅላትና ማበጥ፣ የለሃጭ መብዛት፣ ያገኙትን ሁሉ መንከስ፣ መነጫነጭና መጠነኛ የሰውነት ሙቀት መጨመር ይታያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ 125 ሕፃናትን በመከታተል የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እነዚህ ቀላል ምልክቶች የሚታዩት ጥርሱ ከመውጣቱ 4 ቀናት በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስካሉት 3 ቀናት ድረስ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ሳልና የሰገራ መቅጠን ግን ከጥርስ ማብቀል ጋር ተያይዘው አልተገኙም።

ታዲያ «የጥርስ ተቅማጥ» የሚለው እምነት ከየት መጣ? መልሱ የዕድሜ መገጣጠም ነው። ጥርስ በሚበቅልበት ዕድሜ ከእናት የተላለፈው የመከላከል አቅም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፤ ሕፃኑም መዳህና ከመሬት ያገኘውን ወደ አፉ መክተት ይጀምራል። ስለዚህ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ጡት አለመጥባት ወይም መፍዘዝ ሲኖር በጥርስ ማመካኘት አይገባም። እንዲህ ያለ ሕፃን በተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ መሠረት ሙሉ ምርመራ ሊደረግለት፣ ተቅማጥ ካለውም ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ሊሰጠው ይገባል።

ሕመሙን ለማስታገስ

ቀላሉና አስተማማኙ ዘዴ ድድን ማሸት ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ በጣት ጫፍ ያበጠውን ድድ ለአንድና ሁለት ደቂቃ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አርሶ ሕፃኑ እንዲያኝከው መስጠት ይቻላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ተከድኖ በእንስራ ወይም በማሰሮ የቀዘቀዘ የፈላ ውሃ ይበቃል። እንደ በረዶ የጠጠረ ነገር ግን ድድን ስለሚጎዳ አይመከርም። ለሃጭን ቶሎ ቶሎ መጥረግ የአገጭን ቆዳ ከመላጥ ያድናል። ጡት ማጥባትም ምግብም ማጽናኛም ስለሆነ መቋረጥ የለበትም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕፃኑ መተኛት ካቃተው ፓራሲታሞል በኪሎ ግራም ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ሊሰጥ ይችላል። የሽሮፑ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ባለሙያው ጽሑፉን አንብቦ ልኩን በሚሊ ሊትር ለወላጅ ማሳየት አለበት። አስፒሪን ለሕፃናት አይሰጥም። ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይፈቀድም።

ከጉዳት የሚያደርሱ መፍትሔዎች

ቤንዞኬይን ያለባቸው የድድ ቅባቶች ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሸጡ ጠይቋል። በናይጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. መገባደጃና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ በዳይኤቲሊን ግላይኮል የተበከለ የጥርስ ማብቀያ ሽሮፕ የወሰዱ ከ80 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። ሽሮፑን የገዙት ወላጆች ልጃቸው እንዲሻለው የፈለጉ ነበሩ።

በአገራችን ከሁሉ የከፋው «ግግ ማስወጣት» እየተባለ የሚጠራው የወተት ጥርስ መንቀል ነው። ገና ያልወጣው ጥርስ ድዱን ከፍ አድርጎ ሲታይ የተቅማጡና የትኩሳቱ ምንጭ ተደርጎ ይቆጠርና ባልተቀቀለ መሣሪያ ተፈልፍሎ ይወጣል። ውጤቱ የደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ ቴታነስ፣ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችና የቋሚው ጥርስ መበላሸት ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ዋናው ሕመም ሳይታከም ይቆያል።

የወላጅን የጥፋተኝነት ስሜት መርዳት

ልጇን በሞግዚት ትታ ሥራ የምትውል፣ ሌሊት በድካም ልጇን የተቆጣች፣ ተቅማጡን በጥርስ አመካኝታ ሦስት ቀን የቆየች፣ በአማትና በጎረቤት ግፊት ግግ ያስወጣች እናት ሁሉም ራሳቸውን ይወቅሳሉ። አባቶችም ቢሆኑ ከዚህ ስሜት ነፃ አይደሉም። «እስካሁን የት ነበርሽ?» የሚል ተግሣጽ ይህን ወቀሳ ያባብሰዋል። የተገሠጸች እናት በሚቀጥለው ጊዜ የምትዘገየው የባሰ ነው፤ የሞከረችውንም ትደብቃለች።

በተግባር የሚረዱት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ «እስካሁን ምን ምን ሞከራችሁ?» ብሎ ያለ ቁጣ መጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ። ሁለተኛ፣ በእውነት የተደረገውን መልካም ነገር መጥቀስ፦ «ጡት ማጥባትዎን አለማቋረጥዎ ጠቅሞታል፤ ማልቀሱም የእርስዎ ጉድለት አይደለም»። ሦስተኛ፣ ስሕተት ተፈጽሞ ከሆነ እውነቱን ሳይሸሽጉ ከሰውየው ለይቶ መናገር፦ «ግግ ማስወጣት ይጎዳዋል። ያደረጉት ግን እንዲድን ብለው ነው፤ ከእንግዲህ የሚሆነውን አብረን እንይ»። ጉዳትን አቃልሎ ማለፍ ማጽናናት አይደለም፤ እናቲቱ ነገ ለጎረቤቷ የምታስተላልፈው እውነት ያስፈልጋታል።

ትዕግሥቱ ላለቀ ወላጅ ሕፃኑን በፍጹም እንዳይነቀንቀው፣ ይልቁንም ደህና ቦታ በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ራቅ ማለት ወይም ለሌላ የቤተሰብ አባል መስጠት እንደሚቻል ሊነገረው ይገባል። ሐዘንና ራስን መውቀስ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ካሳጣ፣ ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ካለም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅና ወደ ሕክምና መላክ የባለሙያው ግዴታ ነው። የመጉዳት ሐሳብ ሲኖር ጊዜ አይሰጥም፤ በዚያው ቀን መላክ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ስለ ጥርስ ማብቀል ለመምከር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቴርሞሜትር፣ የታጠበ እጅ፣ ሙሉ ምርመራና ጥቂት ደቂቃ ማዳመጥ ይበቃሉ። የጥርስ ሕመም በቀናት ውስጥ ያልፋል፤ ሳትነቀፍ የተመለሰች እናት ግን ሕፃኑ በእውነት በታመመ ቀን ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋሙ ትመጣለች።