ንድፍ፣ መደብ፣ ቅጂ

ስለ ሥዕል ሲወራ የሚነሡ ቃላት አሉ። ቃላቱ ከባድ ይመስላሉ እንጂ ነገሩን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይተነዋል።

ሠዓሊው ቀለም ሳይቀባ በመስመር ብቻ የሚያወጣው መልክ ንድፍ ይባላል። ጎጆ ከመቀለሳችን በፊት በገመድ ለክተን መሬት ላይ እንደምንጭረው ክብ ማለት ነው። ከሰዎቹ ኋላ ያለው ቦታ መደብ ነው፤ የምንቀመጥበት መደብ አይደለም።

ዓይኑንም ልብ በሉ። በድሮ ሥዕሎች ጻድቅ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ይለያል።

የመጀመሪያው ሠዓሊ የእጅ ሥራ ዋናው ሥዕል ይባላል። ያንን እያየ ሌላ ሰው የሠራው ቅጂ ነው። ይህን መለየት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ። የተለጠፈ ጨርቅ ደግሞ ይላጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች መጥተው ሥዕሎቹን ላጡና በምትካቸው ቅጂ አደረጉ። ለእኔ ይህ ልውውጥ አይባልም። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ከተማ፣ ኬ ብራንሊ በሚባል ሙዚየም ይገኛሉ።