የሚያልበው የአልሙኒየም አካል፦ ይደፈናል ወይስ ይለወጣል?

የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር አሮጌ ላንድሮቨር ማዳበሪያ ሊጭን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ኢምፔሪያል ላይ ቆመ እንበል። ከአልሙኒየም የተሠራው የካምቢዮ ቤት ዘይት ያልበዋል። «ይለወጥ» ከተባለ ለማዳበሪያ የተያዘው ገንዘብ ይወጣል፤ ዕቃው እስኪገኝም የዘር ወቅት ያልፋል። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ጉዳቱ ቀዳዳ ይሁን ስንጥቅ መለየት ያስፈልጋል።

ምክንያቱ

የቀለጠ አልሙኒየም ሃይድሮጂን ጋዝ ያምቃል። ሲረጋ ጋዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይተዋል። አዲስ ሳለ የላይኛው ቆዳ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ አያፈስም። ቆዳው ሲሞረድ ወይም ዝገት መከላከያ በሌለው ውሃ ለዓመታት ሲበላ ግን ቀዳዳዎቹ ተገናኝተው ፈሳሽ ያሳልፋሉ።

ምርመራው

1. አካሉን አጥቦና አድርቆ ጥቂት መንዳት፤ ከዚያ መጀመሪያ የሚረጥበውን ቦታ ማየት። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ጓርኒሲዮን ወይም ፓራኦሊዮ ነው።
2. እነዚህ ደህና ከሆኑ አካሉን ፈትቶ ማጠብ፤ ከውስጥ ላምባ መቀባት፣ ከውጭ የተፈጨ ጠመኔ መነስነስ።
3. ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠመኔው ላይ ነጠብጣብ ከታየ ቀዳዳ ነው፤ መስመር ከታየ ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ ይበየዳል ወይም አካሉ ይለወጣል እንጂ በዚህ ዘዴ አይደፈንም።

አደፋፈኑ

ፋብሪካዎች አካሉን አየር በተመጠጠበት ጋን ውስጥ አድርገው ማጣበቂያ ያስገቡበታል። በጋራዥ ግን እንደ ሎክታይት 290 ያለ ቀጭን ፈሳሽ ይበቃል።

ላምባው በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጎማና ኩሽኔታ ይውጣ። አካሉ ነበልባል በሌለው ምድጃ እስከ 120 ዲግሪ ይሙቅ፤ በውስጡ የቀረው ዘይት ይወጣል። ወደ 85 ዲግሪ ሲበርድ ፈሳሹ በብሩሽ ይቀባ፤ እየበረደ ሲሄድ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ይስበዋል። መለኪያ ከሌለ የውሃ ጠብታ ይረዳል፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጠብታው መፍላቱን ሲተው መቀባት ይቻላል። ከዚያ 24 ሰዓት ይቆይ። በዓይን ለሚታይ ቀዳዳ የአልሙኒየም ዱቄት ያለው ኤፖክሲ ይሻላል።

ማሳሰቢያ

• የፍሬን፣ የመሪና የነዳጅ አካል አይደፈንም፤ ይለወጣል።
• እንቁላል ወይም ዱቄት ራዲያተር ውስጥ መጨመር ቀጫጭን ቱቦዎችን ይዘጋል፤ ሞተሩንም ለማቃጠል ይዳርጋል።
• ከተደፈነ በኋላ ለአንድ ሳምንት በየማለዳው የዘይቱን ልክ ማየትና በመኪናው መዝገብ መጻፍ ይገባል።

የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን የላምባና የጠመኔ ምርመራ ለማኅበራት ሹፌሮች ከእርሻ ሥራው ወቅት በፊት ቢያሳዩ፣ መኪናው ማዳበሪያ በሚፈለግበት ቀን መንገድ ላይ አይቀርም።