ሽበት ለምን ይቸኩላል?

በፈተና ሰሞን ከመካከላችን አንዱ በመስታወት ፊት ቆሞ አንዲት ነጭ ጠጉር ሲነቅል «አባቴ፣ ያስታርቁን!» እያልን እንስቃለን፤ ሳቁ ሲያልፍ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጠጉር በስውር እንመረምራለን። በአገር ቤት ሽበት ያስከብራል፤ ሽበት ላለው ሰው ከመቀመጫ ይነሡለታል። በሃያ ሁለት ዓመት ሲመጣ ግን ክብሩ ይቀርና እርጅናው ብቻ ይታየናል።

የጠጉር ቀለም ሜላኒን ይባላል፤ የሚሠራውም በጠጉሩ ሥር ባሉ ሕዋሳት ነው። እነዚህም ተተኪ ሲያጡ አዲሱ ጠጉር ያለ ቀለም ይበቅላል። ከቆዳ በላይ የወጣው ጠጉር ሕይወት የለውምና «በአንድ ሌሊት ሸበተ» የሚባለው አይሆንም። ያለ ዕድሜ መሸበት በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው፤ የቫይታሚን ቢ12 ጉድለትም ሊያመጣው ይችላል።

ጭንቀትስ? እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የተጨነቁ አይጦች ጠጉር የነጣው ከነርቮች የሚወጣው ኖርአድሬናሊን የቀለሙን ተተኪ ሕዋሳት ስለ ጨረሰ መሆኑን አሳይተዋል። ነገሩ የአይጥ ነውና ፈተናውን ለመክሰስ አይበቃን ይሆናል።

መንቀልም ሽበትን አያበዛም፤ ከዚያው ቀዳዳ ግን ነጩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲደጋገምም ሥሩን ሊያበላሽ ይችላል። ይህንን ለጓደኛችን ነግረነዋል። ዛሬም ጧት መስታወቱን ለብቻው ይዞት ነበር።