የባክቴሪያ በሮች፦ ምግብም መድኃኒትም የሚገቡባቸው ፕሮቲኖች

እ.ኤ.አ. በ1884 ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ የሳንባ ናሙና ሲመረምር፣ ባክቴሪያዎችን በቀለም የሚለይ ዘዴ አገኘ። በሐምራዊ ቀለም ከተነከሩ በኋላ በአልኮል ሲታጠቡ አንዳንዶቹ ቀለሙን ይዘው ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይለቁታል። ቀለሙን የሚይዙት ግራም ፖዘቲቭ፣ የሚለቁት ደግሞ ግራም ኔጌቲቭ ተባሉ። ዛሬም የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ በላቦራቶሪ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይኸው የግራም ቀለም ነው።

ልዩነቱ ግን የቀለም ብቻ አይደለም። የታይፎይድ፣ የኮሌራና የጨብጥ አምጪ ባክቴሪያዎች ሁሉም ግራም ኔጌቲቭ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ፣ እጅግ አሳሳቢ በተባለው ምድብ የተጠቀሱት ከቲቢ ባክቴሪያ በስተቀር ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህን ባክቴሪያዎች በመድኃኒት ማጥቃት ለምን አስቸጋሪ ሆነ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ድርብ አጥር

የግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ሕዋስ በአንድ ሽፋንና በወፍራም ግድግዳ የተከበበ ነው። የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ግድግዳ ስስ ሲሆን፣ ከግድግዳው ውጭ ሌላ ተጨማሪ ሽፋን አለው። የዚህ ውጫዊ ሽፋን የላይኛው ንጣፍ ሊፖፖሊሳካራይድ በተባሉ፣ ስብና ስኳር በተጣመሩባቸው ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ሞለኪውሎቹን የማግኒዥየምና የካልሲየም አዮኖች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያይዟቸው፣ አንጀት ውስጥ ያለው ሐሞት እንኳ በቀላሉ ሰርጎ አያልፋቸውም። ብዙ መድኃኒቶችም ከዚህ አጥር ላይ ይቆማሉ።

ይሁን እንጂ ራሱን ፈጽሞ የዘጋ ሕዋስ በረኃብ ይሞታል። ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ጨው ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው። ስለዚህ አጥሩ በሮች ያስፈልጉታል፤ በሮቹም ፕሮቲኖች ናቸው።

ፖሪን፦ የተከፈተው በር

እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓናዊው ተመራማሪ ታይጂ ናካኤ ከባክቴሪያ ውጫዊ ሽፋን ቀዳዳ የሚፈጥር ፕሮቲን ለይቶ በማውጣት ፖሪን የሚል ስም ሰጠው። የፕሮቲኑ ቅርጽ ታችና አናቱ ክፍት የሆነ ቅርጫት ይመስላል። ለምሳሌ ኢ. ኮላይ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የሚገኘው ኦምፕኤፍ የተባለ ፖሪን፣ 16 የፕሮቲን ዘሃዎች ጎን ለጎን ተያይዘው በመጠቅለል የሠሩት ቱቦ ነው። ሦስት እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ተጣምረው ይቆማሉ። የቱቦው ውጫዊ ገጽ ከስብ ጋር ሲስማማ፣ ውስጡ ውኃ የሞላበት መተላለፊያ ነው።

በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም። ወደ ውስጥ የታጠፈ አንድ የፕሮቲን ቀለበት መካከሉን ያጠበዋል። በዚህም ምክንያት በኢ. ኮላይ ፖሪን በኩል የሚያልፉት ክብደታቸው ከ600 ዳልተን ገደማ የማይበልጥ ሞለኪውሎች ናቸው፤ አንድ ዳልተን የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ክብደት ያህል ነው። 350 ዳልተን ገደማ የሚመዝነው አምፒሲሊን በዚህ በር ያልፋል። 1,450 ዳልተን ገደማ የሚመዝነው ቫንኮማይሲን ግን ከደጅ ይቀራል፤ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያን ድል የሚያደርገው ይህ መድኃኒት በኢ. ኮላይ ላይ ጥቅም የማይሰጠው ስለዚህ ነው።

በሩን የማጥበብ ዋጋ

እንግዲህ ምግብም መድኃኒትም የሚገቡት በአንድ በር ከሆነ፣ ባክቴሪያው በሩን ቢዘጋስ? በእርግጥ ይዘጋዋል። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ኦፕርዲ የሚባለውን በሩን ሲያጣ፣ ኢሚፔኔም የተባለው ጠንካራ መድኃኒት ኃይሉ ይቀንስበታል። የሳንባ ምችና የደም መመረዝ የሚያስከትለው ክሌብሲዬላ ደግሞ የረቀቀ ዘዴ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዓለም የተሰራጨ አንድ የክሌብሲዬላ ዝርያ ፖሪኑን አላስወገደም፤ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ብቻ መተላለፊያው በሚጠብበት ቦታ በመጨመር በሩን ይበልጥ አጥብቦታል።

ነገር ግን ይህ በነፃ የተገኘ አይደለም። በዚያው ጥናት እንደታየው፣ በሩን ያጠበበው ባክቴሪያ አይጦችን የማጥቃት ኃይሉ ቀንሷል። መድኃኒቱን የከለከለ በር ምግቡንም ይከለክላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው፦ ባክቴሪያው በሩን ሙሉ በሙሉ ሊተወው አይችልም።

ሳይንስ በዚህ ድክመት እንዴት ይጠቀማል?

አንዱ መንገድ ባክቴሪያው እጅግ በሚፈልገው ምግብ ተጠግቶ መግባት ነው። ባክቴሪያ ያለ ብረት አያድግም፤ በሰውነታችን ውስጥ ደግሞ ነፃ ብረት በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ብረት የሚይዙ ጥቃቅን ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ ይልካል፤ ብረት ይዘው ሲመለሱም በልዩ ፕሮቲኖች አማካይነት ያስገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ሴፊዴሮኮል ብረት ተሸክሞ በዚሁ በር የሚገባ አንቲባዮቲክ ነው። ሆኖም ይህም በር በሚውቴሽን ሊለወጥ ስለሚችል ትግሉ አላበቃም።

ሁለተኛው መንገድ በሮቹን የሚሠራውን አናጢ ማጥቃት ነው። የበር ፕሮቲኖች የሚፈጠሩት በሕዋሱ ውስጥ ሲሆን፣ በውጫዊው ሽፋን ላይ የሚተክላቸው ባም የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የማጅራት ገትር አምጪ በሆነው ባክቴሪያ ላይ የተደረገ ምርምር፣ የዚህ ስብስብ ዋና አካል ሲጠፋ በሮቹ ሳይተከሉ እንደሚከማቹና ባክቴሪያው መኖር እንደማይችል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በትላትሎች አንጀት ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ዳሮባክቲን የተባለ ውሑድ ተገኘ። ይህ ውሑድ የባምን ዋና አካል ያግዳል፤ ዒላማው በውጫዊው ሽፋን ላይ ስለሆነም ወደ ሕዋሱ ውስጥ መዝለቅ አያስፈልገውም።

እነዚህ ተስፋ ሰጪ ጅምሮች እስኪጎለብቱ ድረስ ግን ከእኛ የሚጠበቅ ነገር አለ። መድኃኒት በሌለበት አካባቢ፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ በደንብ የሚመገበው ባለ ሰፊ በር ባክቴሪያ ብልጫ ይኖረዋል። መድኃኒት በሞላበት አካባቢ ደግሞ በሩን ያጠበበው ይተርፋል፤ ይባዛልም። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ስንውጥ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝተን ስንጠቀም፣ የምንመርጠው ይህንን ሁለተኛውን ነው። አምፒሲሊን ዛሬም የሚያልፍበት በር ነገም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከፈለግን፣ መድኃኒቱን የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ብቻ፣ ሐኪም ባዘዘው መጠንና ጊዜ ሊወስደው ይገባል።