ሽንቱን ወይስ ሥራውን?

ዛሬ ስለ ስኳርና ስለ ኮሌስትሮል አልጽፍም። ላስታ ውስጥ በአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆነ ወዳጄ ሰሞኑን ስልክ ደውሎ «እናንተ ላብራቶሪ ያላችሁ ሰዎች ንገሩን እስቲ፤ ሠራተኛውን በየስድስት ወሩ ሽንቱን ብንመረምረው ምን ይላችኋል? አሜሪካኖቹ ያደርጉት የለ? ከምሳ በኋላ ቢሮ የሚገኝ ሰው ጠፋ እኮ!» አለኝ። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። ባለጉዳዩ ከገጠር ሦስትና አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጥቶ የተዘጋ በር ሲያገኝ ያበግነዋል። እኔንም ያበግነኛል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሁሉንም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያለ ምክንያት፣ በየጊዜው መመርመር አያስፈልግም። ስህተቱ ሌላ ሰው ሊገድል የሚችል ሠራተኛ ግን መመርመር አለበት፤ በዚህኛው እንዲያውም ዘግይተናል። ምክንያቴን ከማውቀው ነገር፣ ከኩባያው ልጀምር።

የዕፅ መመርመሪያ ኩባያ ውስጡ ትንንሽ የወረቀት ሰሌዳዎች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ ለአንድ የዕፅ ዓይነት ነው። ሽንቱ ሲነካው ቀያይ መስመሮች ይወጣሉ። የእርግዝና ወይም የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ የለመደ ዓይን ሁለት መስመር ሲያይ «አለበት» ይላል። በዚህኛው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለት መስመር ከወጣ ሰውየው ነጻ ነው፤ ጥርጣሬ የሚመጣው የዕፁ መስመር ሳይወጣ ሲቀር ነው። ፈዛዛ መስመር እንኳ ከወጣ እንደ መስመር ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ የአስተዳደር ሠራተኛ ኩባያውን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ ሲያነብ አስቡት። ንጹሑን ወንጅሎ ሌላውን ነጻ ያወጣል።

በትክክል ቢነበብም የኩባያው ውጤት ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ለአፍንጫ መታፈን የሚታዘዘው ሱዶኢፌድሪን የአምፌታሚኑን ሰሌዳ ሊያሳስት ይችላል። ኮዴይን ያለበት የሳል ወይም የሕመም መድኃኒት ደግሞ በኦፒየት በኩል ብቅ ይላል። ስለዚህ ሥርዓቱ በደንብ በተዘረጋበት አገር ጥርጣሬ የፈጠረ ናሙና ጋዝ ክሮማቶግራፊ ማስ ስፔክትሮሜትሪ በሚባል መሣሪያ እንደገና ይታያል፤ ከዚያም ሐኪም ሰውየውን ጠርቶ የሚወስደውን መድኃኒት ይጠይቀዋል። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አለቀ ተብሎ በሽተኛ በሚመለስበት አካባቢ ይህን ሁሉ ማን ሊያደርገው ነው?

አሁን ደግሞ ኩባያው ምን እንደሚፈልግ እንይ። በአሜሪካ የተለመደው ባለ አምስቱ ጥቅል ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኦፒየትና ፒሲፒ ይፈልጋል። ላስታ ውስጥ ፒሲፒ ያየ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያሳውቀኝ። እኛ ጋ ሥራ የሚበድለው ጠላው፣ አረቄው፣ ጠጁና ጫቱ ነው። አራቱም በኩባያው ውስጥ የሉም፤ አራቱም በሕግ የተፈቀዱ ናቸው።

ጠላውን እንውሰድ። ላሊበላ ውስጥ የኖረ ሰው የወሩን አቆጣጠር ያውቀዋል፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም። ዝክር ወይም ማኅበር ያለበት ቤት አይጠፋም። ሠራተኛው ለምሳ ይወጣል፤ ማኅበርተኛ ነው ወይም ጎረቤት ጠርቶታል። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። «አንድ ብቻ» ብሎ የጀመረውን የቤቱ እመቤት «ምነው፣ ጠላዬን ናቅኸው?» ስትለው ዋንጫው እንደገና ይሞላል። ጠላ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ቢሆን ነው፤ ሦስትና አራት ዋንጫ ግን ሰውየውን ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ያስተኛዋል። አረቄ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ እስከ 45 ከመቶ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በማግሥቱ ከሰውነት ወጥቶ ያልቃል። በየስድስት ወሩ የሚመጣ የሽንት ኩባያ ከዚህ አንዱንም አያይም።

ጫቱም እንደዚሁ ነው። በወሎ ቆላማው በኩል፣ በሐብሩና በመርሳ አካባቢ ይበቅላል፤ ወደ ደጋው በመኪና ይወጣል። ቅጠሉ ውስጥ የሚያነቃቃው ካቲኖን ይባላል፤ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉ ስለሚዳከም ነው ነጋዴው እንደዚያ የሚጣደፈው። ካቲኖን ለብቻው ተነጥሎ ሲወጣ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ቅጠሉ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን አይተው ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥጥር ይደረግበት አላሉም። ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። እኛ ጋ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ ወደ ውጭ ተልኮ ዶላር የሚያስገባ ሸቀጥ ነው። መንግሥት ከሽያጩ ቀረጥ እየሰበሰበ ቅዳሜ በዕረፍት ቀኑ የቃመውን ሠራተኛ ሰኞ በሽንቱ ቢቀጣው ነገሩ እንዴት ይገጥማል? እርግጥ በሥራ ሰዓት በርጫ ተቀምጦ መመርቀን ሌላ ነገር ነው፤ ማታ በጨብሲ ሰክሮ ጠዋት አለመግባትም እንዲሁ። ይህን ለማወቅ ግን ሽንት አያስፈልግም። የሰውየው ወንበር ባዶ ነው።

ኩባያው የሚይዘው ማንን ነው ታዲያ? አዘውትሮ ጋንጃ የሚያጨስ ሰው ካቆመ እስከ አንድ ወር ድረስ በሽንቱ ሊታወቅ ይችላል። ዛሬ ንቁ ሆኖ የሚሠራ፣ ባለፈው ወር ያጨሰ ሰው ይያዛል፤ ዛሬ በአረቄ የሚንገዳገደው ያልፋል። ጋንጃ በአገራችን ወንጀል መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አለ። እሱ ግን የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ሕጉን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ አገር ቀጣሪ የሠራተኛውን ሰውነት የመመርመር ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ እንደ አገር ቀድመን ተነጋግረንበታል። በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515/1999፣ ኋላም በተካው 1064/2010፣ ለመቀጠር የጤና ማስረጃ ይጠየቅ ነበር፤ የኤችአይቪ ምርመራ ግን ተለይቶ እንዲቀር ተደርጎ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ሠራተኛው በበቂ ምክንያት የሕክምና ምርመራ ሲጠየቅ እምቢ እንዳይል ይከለክልና ኤችአይቪን ያወጣል። ለምን? ያኔ ቫይረሱ ሰው ከሥራ የሚያስወጣ፣ ከዕድር የሚያስገልል ስም ነበር፤ አለቃ እጅ ውጤቱ ሲገባ ምን እንደሚከተል ታይቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደግሞ ሰውነትን ከመመርመር ጭምር የመጠበቅ መብት ይሰጣል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ ይቆጥረዋል። ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ አለ። ላሊበላ ግን ትንሽ ከተማ ናት። ናሙናውን የሚቀበለው ባለሙያና የተመርማሪው አክስት አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ምስጢሩ ገበያ ከመድረሱ በፊት ቤተ ማርያም ቅጽር ይደርሳል።

የአሜሪካንም ነገር ወዳጄ በግማሹ ነው የሰማው። ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1986 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከዕፅ ነጻ ይሁኑ ብሎ ትእዛዝ አወጣ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍርድ ቤቱ አደጋ ከደረሰ በኋላ የባቡር ሠራተኞችን፣ እንዲሁም ዕፅ የሚይዙና መሣሪያ የሚታጠቁ የጉምሩክ ሠራተኞችን ያለ ግለሰባዊ ጥርጣሬ መመርመር ይቻላል አለ። በጉምሩኩ ጉዳይ ወግ አጥባቂው ዳኛ ስካሊያ ሳይቀር ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ጆርጂያ ለተወሰኑ የግዛቲቱ ሥልጣኖች የሚወዳደሩ ፖለቲከኞች ይመርመሩ ብላ ያወጣችውን ሕግ ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ የደኅንነት አደጋ ካላሳያችሁኝ ለታይታ ሰው አይመረመርም ማለቱ ነው። እስከ ዛሬ በዕጣ የሚመረመረው የፌዴራል ሠራተኛ በተለዩ የሥራ መደቦች ላይ ያለው ነው እንጂ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሁሉ አይደለም። እዚያ የጭነት መኪና የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ግን አያመልጥም። በሕጉ መሠረት በዓመት ከሾፌሮቹ ቁጥር ግማሽ የሚያህል የዕፅ ምርመራ በዕጣ ይደረጋል። «ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዕጣው የወጣብኝ ይመስለኛል» ይላል። አያማርርም ታዲያ፤ ከኋላው የሚጎትተው ጭነት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

እኛም መመርመር ያለብን እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ያን መንገድ ያየ ሰው በአንድ በኩል ገደሉን፣ በሌላው ጠመዝማዛውን ያስታውሳል። የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ይዞ፣ አምስት ባለሙያ ጭኖ፣ ከስብሰባ ማታ የሚመለስ ሾፌር ሁለት መለኪያ አረቄ ቀምሶ ከሆነ ጉዳዩ የእሱ የግል ሕይወት መሆኑ ያበቃል። የአምቡላንስ ሾፌር፣ መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የግሬደርና የሎደር ኦፕሬተርም እዚሁ ይገባሉ። ሽምሽሃ ላይ ለሚያርፈው አውሮፕላን አብራሪና ለበረራ ተቆጣጣሪው በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ ይህ ድሮ የታወቀ ነው፤ አእምሮ በሚቀይር ነገር ሥር ሆነው ሥራ ላይ አይገኙም።

ለሾፌሩ የሚሆነው ምርመራም ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ለዓመታት የተጠቀመበት የትንፋሽ መመርመሪያ ይበቃዋል። ቁልፉን ከመረከቡ በፊት አንዴ እፍ ይላል፤ ቁጥሩ እዚያው ይታያል። የሚነግረን አሁን ደሙ ውስጥ ስላለው አልኮል ብቻ ነው፤ ያለፈ ወሩን፣ የሚወስደውን መድኃኒት አይነግረንም። አልፎ ከተገኘ ቁልፉ ለሌላ ይሰጣል። መኪና መደብ ላይ አንድ መሣሪያና አንድ መዝገብ፤ በቃ።

ለቀረው ሠራተኛስ? ሕጉ ድሮም አለ። በስካር ወይም በዕፅ ሱስ ተይዞ ሥራን መበደል ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ነው። የሰዓት ፊርማ አለ፣ ያልተቋጨ ፋይል አለ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ። ለወዳጄ በስልክ ያልኩትን እዚህም ልድገመው፦ ኃላፊው ኩባያውን የሚመኘው መረጃ አጥቶ አይመስለኝም። ማን እንደሚቅም፣ ማን ከምሳ እንደማይመለስ በስም ያውቃል። የቸገረው መናገሩ ነው። ሰውየው የክርስትና አባቱ ልጅ ነው፤ ወይም የሰውየው ባለቤት ከኃላፊው ሚስት ጋር ዕድር ትወጣለች። ጠርቶ «አንተ ሰው፣ ከሰዓት የት ነው የምትውለው?» ከሚል፣ በጽሑፍ ከሚያስጠነቅቅ፣ ኩባያው በእሱ ፋንታ እንዲናገርለት ይፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ባለው ጊዜ ውስጥ በጦርነት ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፤ ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። ቱሪስት ቀረ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ሠራተኛው ደመወዝ የሚያወጣበት ባንክ ያጣበት ጊዜ ነበር። ድሮ በዓል ሲሆን ብቻ የሚቀምሱ፣ አሁን ማታ ማታ ያለ አረቄ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰዎች አውቃለሁ። ይህን ሰው መርምረን «ተገኘብህ» ካልነው በኋላ ወዴት ነው የምንልከው? ሱስን በስፋት የሚያክም ተቋም ሲባል አፋችን ላይ የሚመጣው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ መንገዱ በተከፈተ ቀን እንኳ የሁለት ቀን ጉዞ ነው። ማከሚያ በሌለበት ምርመራው ማባረሪያ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ደግሞ አለቃው የማይፈልገውን ሰው ለማውጣት ወረቀት ብቻ ነው የሚጎድለው።

ስለዚህ ኃላፊዎች፣ በጀት ካላችሁ መጀመሪያ ለመኪና መደቡ የትንፋሽ መመርመሪያ ግዙ፤ እፍ የሚለውም ሾፌሩ ብቻ አይሁን፣ መሪ የሚጨብጥ ኃላፊም ይጨመርበት። ሠራተኞች ደግሞ የዕፅ ምርመራ አድርጉ ከተባላችሁ የተመሠረተበትን መመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት አስመዝግቡ፤ የኩባያው ውጤት ጥርጣሬ ካሳየ ማረጋገጫ ምርመራ ሳይደረግ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ።